የአባባ ጣት

«እጅሽን አንሺ! ድመት ናት እንዴ ይቺ ልጅ?»

ሱርቢ ወደ ድስቱ የሰደደችውን ጣቷን ቶሎ ሰበሰበች። አያቷ ጃግዳምባ ፕራሳድ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ቅመም ሲወቅጡ ስለነበር አያዩኝም ብላ ነበር። በምን እንዳዩዋት እግዜር ይወቅ።

«ትንሽ ልቅመስ ብዬ እኮ ነው አባባ።»

«ማር ሳይገባበት የምን መቅመስ ነው! ይልቅ ማማሰያውን ያዢ፤ ከሥሩ እንዳያርብን።»

ጭጋጉ የፕራታፕጋር ከተማን መንገድ ሁሉ ስለዋጠው ትምህርት ቤት ለሳምንት ተዘግቷል። ሌላ ልጅ ቢሆን ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልሎ ስልኩን ሲነካካ ይውላል። ሱርቢ ግን ግቢው መሀል፣ ከትልቁ የናስ ድስት ፊት ቆማ አምላ ታማስላለች። አምላ እዚህ አገር በየደጁ የሚበቅል፣ ሲነክሱት ፊት የሚያጨማድድ አረንጓዴ ፍሬ ነው። ብርዱ በገባ ቁጥር አያቷ ከሥራሥርና ከቅጠላቅጠል ጋር ቀቅለው፣ በጨርቅ አጥልለው፣ በቅቤ አቁላልተው፣ ከስኳር ጋር እስኪጠቁር ያማስሉታል። ከዚያ ጥምዝ፣ ሄልና ቀረፋ ይገባበታል፤ በመጨረሻ ማር። ስሙ ቺያቫንፕራሽ ነው፤ ሰፈርተኛው ግን «የጃግዳምባ ማርማላታ» ነው የሚለው። ጠዋት ጠዋት አንድ ማንኪያ የላሰ ሰው ሳል አይደፍረውም ይባላል። ሱርቢን ባለፈው ዓመት ሲያስላት ከርሟል፤ አያቷ ግን ይህን እንደ ማስረጃ አይቀበሉም።

ሌላው ሁሉ ቢሳሳት ይታረማል፤ የማሩ ነገር ግን ቀልድ አያውቅም። ማር ትኩስ ነገር ውስጥ ከገባ መርዝ ይሆናል፣ አለቀ። የሱርቢ እናት ኩሱም ሙሽራ ሆና እዚህ ቤት በገባች በመጀመሪያው ብርድ፣ የረዳች መስሏት ማሩን ቸኩላ ጨመረችው። አማቷ አባባ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ከግቢው ጥግ ጉድጓድ ቆፈሩና ድስት ሙሉውን ደፉት። ኩሱም ያን ቀን ስታለቅስ ዋለች። አሁን እየሳቀች ነው የምታወራው። ቢሆንም እስከ ዛሬ ማር ሊገባ ሲል የሆነ ሰበብ ፈልጋ ከግቢው ትወጣለች።

ዛሬም ድስቱ ከእሳት ሲወርድ «ሽንኩርት ልግዛ» ብላ ወጣች።

ጥቂት ጠበቁ። አያቷ እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ትንሿን ጣታቸውን እስከ አንጓዋ ድረስ ማርማላታው ውስጥ ነከሩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። የማሩን ሰዓት የሚወስነው ሁልጊዜ ይህ ጣት ነው።

«ቀዝቅዟል» አሉና ማሩን አንቆረቆሩ።

ሱርቢ ከጠዋት ጀምሮ የጠበቀችው ሰዓት ደረሰ። ማማሰያው ላይ የቀረውን አንድ ጊዜ ላፍ አደረገችው። ምላሷ ላይ እሳት ያረፈ መሰላት። አፏን በእጇ ይዛ ወደ ባልዲው ሮጠች።

«ምነው?»

«ምላሴን ነከስኩት» አለች፣ ውሃ በአፏ እንደያዘች።

ከድስቱ ቀጭን እንፋሎት ይወጣ ነበር። በዚያ ሁሉ ጭጋግ መሀል ካልተጠጉ አይታይም። አያቷ ጣታቸውን በሻላቸው ሲጠርጉ ሱርቢ አየችው፤ በርበሬ መስሏል። እሳቸው ግን ፊታቸው ላይ አንድም የሕመም ምልክት የለም። ከዚያ ልባቸው ጠረጠረ መሰል፣ ድስቱንም እሷንም ተራ በተራ ተመለከቱ።

«ሱርቢ፣ ትኩስ ነበር እንዴ?»

ዓይናቸው ውስጥ ያየችው ነገር አስፈራት። ጃግዳምባ ፕራሳድ መልስ ሲለምኑ አይታ አታውቅም።

«ኧረ ቀዝቅዟል አባባ» አለች።

ከሰዓት በኋላ ሱርቢ ጠፍጣፋው የቤታቸው ጣሪያ ላይ ወጣች። ከሚቀጥለው ጣሪያ ጓደኛዋ ፋርሃት እርጥብ ልብስ ታገላብጣለች።

«ይሄ ጂንስ እስክዳር ድረስ አይደርቅም» አለች ፋርሃት። «አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው ፊትሽን የጣልሽው?»

ሱርቢ ሁሉንም ነገረቻት።

«እና? ማር ሞቀ፤ ማን ይሞታል?»

«ስልኬ ላይ አየሁ። አንዳንዱ ጥቅሙ ይጠፋል ይላል፣ አንዳንዱ ምንም አይለውም ይላል። የሚሞት የለም።»

«በቃ ዝም በያ! አያትሽ ከደፉት እኮ እኛ ቤት ጦርነት ነው። አያቴ ብልቃጧን አጥባ ከጠበቀች ሰነበተች።»

«የማሩ ብቻ አይደለም፤ ጣታቸው አልተሰማቸውም፣ ፋርሃት። ምላሴን የላጠኝ ነገር ውስጥ ነክረውት ዝም!»

ፋርሃት ጂንሱን ትታ ሁለቱን ጣሪያዎች ወደሚለየው ግንብ ተጠጋች። «እርጅና ነዋ» አለች፤ ድምጿ ግን እንደ መጀመሪያው አልነበረም። «ብትነግሪያቸውስ?»

«እናቴ እሳት አጠገብ አታደርሳቸውም። ማርማላታው በዚያው ያበቃል።»

አያቷን በጣም ነው የምትወዳቸው። ሴት አያቷ ከሞቱ ወዲህ አባባ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቁት ይህንን ድስት እንደሆነ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። አባቷ እንኳ ከሚሠራበት ከሱራት ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቀው «አምላው ደረሰ ወይ?» ብሎ ነው።

ማታ ሻይ በብረት ብርጭቆ ቀረበ። ኩሱም በሻሏ ጫፍ ያዘችው፤ ሱርቢም በእጅጌዋ። አያቷ በባዶ እጃቸው ጥርቅም አድርገው ያዙት። «የድሮ ሰው እጅ!» ትላለች ኩሱም ሁልጊዜ እያደነቀች። ዛሬም አለች። ሱርቢ ግን ያቺን ትንሽ ጣት ነበር የምታየው። ውሃ ቋጥራለች። አያቷ እይታዋን ተከትለው ጣታቸውን ወደ መዳፋቸው አጠፏት።

በማግስቱ ጠዋት ማርማላታው በብልቃጥ ብልቃጥ ሆኖ መደርደሪያው ላይ ተደርድሯል። ጎረቤቶቹ ሊመጡ ነው። አያቷ አዲሱን ሹራባቸውን ለብሰው፣ ጸጉራቸውን በዘይት አብሰው፣ ከማንደጃው አጠገብ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሱርቢ መሬት ላይ ሆና ክዳኖቹን ትወለውላለች።

«የሚያር ነገር ይሸታል» አሉ አያቷ። «ኩሱም! ወተቱን እዪው!»

«ወተቱ ገና አልፈላም አባባ!» አለች ኩሱም ከወጥ ቤት።

«ጨርቅ ነው ታዲያ። እሳት ላይ የጣልሽው ጨርቅ የለም?»

ሱርቢ ዙሪያዋን አየች። ከማንደጃው ሥር ቀጭን ጭስ ይወጣል። የአያቷ ቀኝ ተረከዝ ከማንደጃው ጎን ተጣብቆ፣ የሱፍ ካልሲያቸው እየተቃጠለ ነው። እሳቸው አንገታቸውን አስግገው አሁንም ወደ ወጥ ቤት ያያሉ።

ማንደጃውን በእግሯ ገፋችው፤ ፍሙ ተበተነ። ካልሲውን ጎትታ አወለቀችው።

«የሚያረው እኮ እርስዎ ነዎት አባባ!»

መጀመሪያ ሳቁ። ጎንበስ ብለው ተረከዛቸውን ሲያዩ ግን ሳቁ ፊታቸው ላይ ደረቀ። የቀላውን ቦታ ጫን አሉት፤ ደግመው ጫን አሉት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች ሱርቢ በሹክሹክታ።

«ካቻምና ብርድ ጀምሮ። ትንሽ ደነዘዘኝ፣ ያልፋል አልኩ።» ወደ ወጥ ቤት ገልመጥ አሉ። «ለእናትሽ እንዳትነግሪ። ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ታንከራትተኛለች፤ ድስቱንም ትቆልፍብኛለች። በእኔና ባንቺ መሀል ይቅር። እሺ የኔ እናት?»

በሁለቱ መሀል የቀረ ብዙ ነገር አለ። እሳቸው ስኳር ቀንሱ ከተባሉ ወዲህ ተደብቀው ጣፋጭ ቤት የሚበሏት ጃሌቢ አለች፤ የእሷ የሒሳብ ውጤት አለ። እሺ ማለት ለሱርቢ በጣም ቀላል ነበር።

«ትናንት ዋሽቼዎታለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ማሩ ሲገባ ማርማላታው ትኩስ ነበር። ምላሴን አልነከስኩትም፤ አቃጥሎኝ ነው።» ምላሷን አወጣች። ጫፉ ላይ የተላጠው ቦታ አሁንም ነጭ ነው።

አያቷ ምላሷን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ መደርደሪያውን፣ ከዚያ ውሃ የቋጠረች ጣታቸውን።

«እናትሽ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«እሷ እኮ ያኔ ልጅ ነበረች። ካንቺ ብዙም አትበልጥም።» ድምፃቸው ወረደ። «ድስቷን ደፋሁባት። አይዞሽ እንኳ አላልኳትም። አሁን በምን ዓይኔ ነው የማያት ሱርቢ?»

ውጭ በሩ ተንኳኳ፤ የፋርሃት አያት ድምፅ ተሰማ፣ ብልቃጣቸውን ይዘው መጥተዋል። ወጥ ቤት ውስጥ ወተቱ መፍላት ጀምሯል። አያቷ ዓይናቸውን ከሱርቢ ላይ አልነቀሉም፤ እባክሽ የሚል ዓይን ነው። እሺ ብትላቸው አሁኑኑ ተነስተው፣ በሩን ከፍተው፣ እንደየዓመቱ እየቀለዱ ያድሉ ነበር። ማንም ምንም አይሆንም። ከእሳቸው በቀር።

እጃቸውን ልትይዝ እጇን ሰደደች፤ ጣቶቻቸው ጋ ስትደርስ ግን ቆመች። የሹራባቸውን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበችና ከክርናቸው ከፍ አድርጋ ክንዳቸውን ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

«እዚህ ጋ ይሰማዎታል?»

«ይሰማኛል» አሉ።

ሳትለቃቸው ፊቷን ወደ ወጥ ቤት አዞረች።

«እማዬ» አለች፣ «ወተቱን አውርጂውና ነይ።»