መርዶ ነጋሪው ሐኪም

ሩፈይዳ ጅማ አጠገብ ባለችው በየቡ ከተማ የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ጅማ ለመርዶ አነጋገር ሥልጠና የመጣችው ወዳ አልነበረም፤ ባለፈው ክረምት አንዲት ወላድ ስትሞትባት፣ ባልየው ፊት ቃል ጠፍቷት ስለሸሸች አለቃዋ አስገድዷት ነው።

አሠልጣኙ ዶክተር ቲጃኒ የድንገተኛ ክፍል ሐኪም፣ የጅማው የሄርማታ ሰፈር ልጅ ነው። በልምምዱ ላይ እሱ ልጁ የሞተበት አባት ሆነ፤ እሷ መርዶውን ልትነግረው።

«ልጅዎ... ደክሟል» አለች።

«ታዲያ ይተኛና ይነሳላ!» ብሎ ጮኸባት።

ዓይኗ እንባ አቀረረ። ቲጃኒ የአባትነቱን ድምፅ ትቶ ጎንበስ አለና፣ «ሞተ በይው» አላት። «ጨካኝ የሆንሽ ይመስልሻል፤ ግን ተስፋ ሰጥቶ እንደ መንጠቅ የሚከፋ የለም። ከነገርሽው በኋላ አትሽሺ፤ አብረሽው ተቀመጪ።»

ቀና ብላ አየችው። እሱም ዓይኑን ቶሎ አልነቀለም።

ሥልጠናው አለቀ፤ የእነሱ ወሬ ግን አላለቀም። ቲጃኒ ወደ የቡ መመላለስ አበዛ። ታላቅ ወንድሟ ሀቢቡላህ እንኳ፣ «ዶክተሩ ቡና ነጋዴ ሆነ እንዴ?» እያለ ይስቅባት ጀመር።

በመውሊድ ማግስት ሀቢቡላህን ሞተር ሳይክሉ ላይ እንዳለ መኪና ገጨው። ጅማ ሲያደርሱት ተረኛው ቲጃኒ ነበር። የቻለውን ሁሉ አደረገ፤ አልሆነም።

ሩፈይዳ እናቷን ወይዘሮ ዘይቡን ደግፋ ስትደርስ በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው። ፊቱን አይታ ገባት። እሱ እናቲቱን አስቀምጦ፣ ፊት ለፊታቸው በርከክ ብሎ፣ «እማማ፣ ሀቢቡላህ ሞተ» አላቸው።

«ዋይ ኢልማ ኮ! ልጄን!»

ከዚያ ቀን በኋላ ዘይቡ ቲጃኒን ማየት አልቻሉም። «ያ ሰው በበሬ በገባ ቁጥር ልጄ ዳግም ይሞትብኛል» አሉ።

ሩፈይዳ በእናቷ ሐዘን ላይ ሐዘን መጨመር አልሆነላትም። ደውላ፣ «በአላህ፣ አትምጣ» አለችው። «እሺ» አለ፤ ስልኩን ግን አልዘጋም። እሷም አልዘጋችም።

ወራት አለፉ። ቡና እየተለቀመ ሳለ ዘይቡ ድንገት፣ «ያንን ዶክተር ጥሪልኝ» አሉ።

ቲጃኒ መጥቶ ጫማውን አውልቆ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«ግባ። ልጄ ሲሞት ምን አለ? እንዳትዋሸኝ።»

ሩፈይዳ ወደ ቲጃኒ ዞረች። አንዲት መልካም ቃል ፈጥሮ ቢነግራቸው ምን ነበረበት?

«ምንም አላለም፣ እማማ። መናገር አልቻለም። እጄን ግን ይዞ ነበር፤ እስከ መጨረሻው።»

«የትኛውን?»

ቀኝ እጁን ዘረጋ። ዘይቡ በሁለት መዳፋቸው ይዘው ግንባራቸውን አስደገፉበትና አለቀሱ። ከዚያ እጁን ሳይለቁ ወደ ሩፈይዳ ዞሩ።

«ለአጎቶችሽ ንገሪያቸው» አሉ። «የዚህ ልጅ ሽማግሌዎች ሲመጡ ቤት ይጠብቁ።»