ለእንግዳ የተነጠፈ አልጋ

«ቀስ በሉ፣ ግድግዳውን ትልጡታላችሁ» አለች ኤርሚንያ።

ልጇ ዳህያና የአልጋውን ራስጌ፣ ኔልሲ ደግሞ ግርጌውን ይዘው በጠባቡ በር ሊያሳልፉት ይታገላሉ። አልጋው የጎረቤት ነው፤ እስከ ማታ ብቻ ነው የተዋሱት። ኔልሲ እዚህ ቤት መኖር ከጀመረች ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ እስከ ዛሬ ግን አልጋ እንደሚያስፈልጋት ትዝ ያለው ሰው አልነበረም። የምትተኛው ከጓሮ፣ የጋዝ ሲሊንደርና የካሳቫ ጆንያ ከሚቀመጥበት ክፍል፣ ታጣፊ ሸራ ላይ ነው።

ሉኬ ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለች ልጅ ያለችበት ቤት ብዙ ነው። ትማራለች ተብሎ ከገጠር ትመጣለች፤ ትበላለች፣ ትለብሳለች፣ በምትኩ «ትንሽ ታግዛለች»። ኤርሚንያ በረንዳዋ ላይ ምሳ ትሸጣለች። የኔልሲ ትንሽ እገዛ ሳህን ማጠብ ነው። የሳህኑና የትምህርቱ ሰዓት ስለተጋጨ አራተኛ ክፍልን ለጊዜው አቋርጣለች። ጊዜው ዓመት ሊሞላው ነው። አስተማሪዋ ቦታዋ ባዶ ሆኖ መቅረቱን ለማዘጋጃ ቤት ተናግራ፣ ዛሬ የሕፃናት ጉዳይ ሠራተኛ ልትጎበኛቸው ነው።

«አሁን ስሙኝ» አለች ኤርሚንያ፣ ላቧን በሽርጧ ጫፍ እየጠረገች። «ሴትዮዋ አሥር ሰዓት ላይ ትመጣለች። ኔልሲ፣ እኔ ምንሽ ነኝ?»

«የክርስትና እናቴ።»

«የት ነው የምትተኚው?»

«እዚህ፣ ከዳህያና ጋር።»

«ትምህርትስ?»

«ሲሻለኝ እመለሳለሁ።»

«ምንሽን ነው ያመመሽ?»

ኔልሲ አሰበች። «እሱን አልነገሩኝም፣ እትዬ።»

ዳህያና ሳቋ አመለጣት። እናቷ ግን አልሳቀችም። «ሆድሽን። ሆዴን ነው በይ። እትዬም አትበይኝ።»

ከምሳ በኋላ ከተማው በሙሉ ይተኛል። ኔልሲ ያን ሰዓት የምታውቀው በሳህን ነው፤ ዛሬ ግን አንሶላው ሰው የተኛበት እንዲመስል ተኚ ተባለች። ጫማዋን አውልቃ፣ እጆቿን ከጎኗ ሰትራ፣ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው በጀርባዋ ተጋደመች።

«ዓይንሽን ጨፍኚ እንጂ» አለቻት ዳህያና ከራሷ አልጋ።

«ቀን ቀን መተኛት አላውቅበትም።»

«አትፎግሪ ባክሽ።»

«እውነቴን ነው። ስጨፍን ሳህን ይታየኛል።»

ሁለቱም ኮርኒሱን አዩ።

«ቤትሽ መሄድ ትፈልጊያለሽ?» አለች ዳህያና።

ኔልሲ ወደ ግድግዳው ዞረች። «እትዬ ለገና እልክሻለሁ ብለውኝ ነበር። ሦስት ገና አለፈ። እናቴ ድምፅዋ በስልክ ይሰማኛል፤ ፊቷ ግን እየጠፋብኝ ነው።» ከዚያ ተነሥታ ቁጭ አለች። «እንዳትናገሪ ግን። በማዘጋጃ ቤት መኪና ከተመለስኩ እናቴ ‹የሆነ ነገር አጥፍታ ነው› ትላለች። እኛ ሰፈር አንዷን እንደዚያ መልሰዋት፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሌባ ነው ያላት። ማይልኝ።»

ዳህያና ማለችላት።

የማዘጋጃ ቤቷ ወይዘሮ ኖርማ ጉልበቷን እያሻሸች ገባች፣ አውቶቡሱን አማረረች፣ ቴሬሬ የሚባለውን በረዶ የሞላበት የቅጠል መጠጥ ተቀብላ እስኪያልቅ ጠጣች። ኤርሚንያ ስለ ልጅ ማሳደግ ብዙ አወራች። አብዛኛው እውነት ነበር፤ ለኔልሲ ጫማ ገዝታላታለች፣ ትኩሳት ሲይዛት አቅፋት ሐኪም ቤት ወስዳታለች። ወይዘሮ ኖርማ ራሷን እየነቀነቀች ሰማቻትና ልጆቹን ለየብቻ ላነጋግር አለች።

ኔልሲ መኝታ ክፍሉ ገብታ ብዙም ሳትቆይ ወጣች። «እንደተባልኩት ሁሉንም ብያለሁ» አለች በሹክሹክታ።

ቀጥሎ ዳህያና ገባች።

«ጓደኛሽ ጨዋ ልጅ ናት» አለች ወይዘሮ ኖርማ። «‹አልጋሽ ላይ ቁጭ በይ› ስላት፣ ‹ይቻላል ወይ?› ብላ ጠየቀችኝ።»

ዳህያና መሬት መሬት አየች።

«ስለ እሱ አልጠይቅሽም። አንቺ ትምህርት ቤት ስትውይ፣ እሷ ምን ስትሠራ ትውላለች?»

ሆዷን ያማታል የሚለው መልስ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። እውነቱን ብትናገር መሐላዋን ታፈርሳለች፣ እናቷን ሰፈር ውስጥ ታዋርዳለች፣ ኔልሲንም ታጣለች። ዝም ብትል አራተኛ ገና ይመጣል። በመሐል ሌላ ሐሳብ ሾልኮ ገባ፤ ኔልሲ ከሄደች ሳህኑን ማን ያጥባል የሚል። ከሁሉ ያሳፈራት ይሄኛው ነበር።

«ሆዷን አያማትም» አለች። ሌላው ሁሉ ተከትሎ ወጣ።

ማንም አልጮኸም። ኤርሚንያ የተዋሰችውን አልጋ ብቻዋን እየጎተተች ለጎረቤት መለሰች። ከዚያ በኋላ ለልጇ ምግብ ትሰጣታለች እንጂ አታናግራትም። ኔልሲም «ምለሽልኝ ነበር» ካለቻት ወዲህ ሌላ ቃል አልወጣትም።

ከቀናት በኋላ ወይዘሮ ኖርማ ተመልሳ መጣች። «እናትሽን በስልክ አግኝቻታለሁ፣ ትጠብቅሻለች» አለቻት ኔልሲን። «እዚያው አጠገባችሁ ያለው ትምህርት ቤትም ይቀበልሻል። ዓርብ እወስድሻለሁ።»

«‹ምን አጠፋች?› አለች?»

«መጀመሪያ የጠየቀችኝ እሱን ነው» አለች ወይዘሮ ኖርማ።

ዓርብ ጠዋት መኪናው በር ላይ ቆመ። ኤርሚንያ ለኔልሲ ዳቦና አይብ በፌስታል አስያዘቻት፤ ግንባሯን ሳመቻትና ፊቷን አዞረች። ዳህያና የትምህርት ቤት ልብሷን እንደለበሰች መኪናው ድረስ መጣች።

«የሒሳብ ፈተና አለብኝ ብለሽኝ አልነበር?» አለች ወይዘሮ ኖርማ።

«አለብኝ። እኔም ልምጣ። ምንም አላጠፋችም ብትሏቸው እናቷ አያምኑም። ከዚህ ቤት ሰው አፍ መስማት አለባቸው።»

ወይዘሮ ኖርማ ወደ ኤርሚንያ ዞረች።

«ማታ መልሻት» አለችና ወደ ቤት ገባች።

ዳህያና ከኋላ ወንበር ከኔልሲ አጠገብ ተቀመጠች። ኔልሲ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች ነው። የከተማው ቤቶች አልቀው ቀዩ አፈር ጀመረ።

«ምን ልትያት ነው?» አለች ኔልሲ በድንገት።

«እኛ ነን ያጠፋነው እላቸዋለሁ። እኔና እናቴ።»

ኔልሲ ከመስኮቱ አልዞረችም።

«ጮክ ብለሽ በይው» አለች። «ጎረቤቶቹም ይስሙ።»