ሸክላው ሲያበቃ ቡናውን ያገላበጠው

ወዳጄ፣ እኔ እንዲህ ባለ ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም፤ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የመንፈስ ወሬ የሚያወሩ ጓደኞቼን መሳቂያ የማደርጋቸው እኔ ነበርኩ።

ሚዛን አማን ባለው ቤታችን ሟቹ አባቴ የተወልኝ አንድ የሮክ ሙዚቃ ሸክላ አለ፣ ቴፒ ያስተምር ከነበረ ፈረንጅ የገዛው፣ ዘፈኖቹ ሁሉ ተያይዘው የቤቱ መንገድ የጠፋበትን አንድ መርከበኛ ታሪክ የሚተርኩ። አባቴ ቡና የሚያደርቀው በዚሁ ሸክላ ነበር ብልህ ትስቅ ይሆናል፤ እመነኝ፣ አንዱ ገጽ ሲያበቃ ይነሣል፣ ሸክላውን ይገለብጣል፣ ከዚያ ደጅ ወጥቶ በሽቦ አልጋው ላይ የተሰጣውን ቡና ያገላብጣል። በመጨረሻ የእኛን የልጆቹን ስም እንኳ ሲረሳ ይህን ልማዱን አልረሳም። ያ የመርሳት ሕመም ወደ እኔም እንዳይመጣ ዘወትር እሰጋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት፣ የጠዋቱ ዝናብ ግቢውን አጨቅይቶ ሰማዩ ገለጥ ሲል፣ ቡናውን ከሸራው ገልጬ፣ ሸክላውን አስጀምሬ ወንበሬ ላይ ተደገፍኩ። ከመርፌው ጭርጭርታ ሥር ጊታሩ ቀስ ብሎ ሲነሣ፣ ከበሮው እንደ ማዕበል ሲከተለው፣ ደስ እያለኝም ልቤ አላርፍ አለ። የመጀመሪያው ገጽ አበቃ፤ ስንፍና ይዞኝ አልተነሣሁም። ያኔ ከደጅ ሰማሁ፦ ቡና በሽቦ ላይ ሲንሿሿ፣ ቆም ሲል፣ እንደገና ሲንሿሿ።

ባለቤቴ ጽጌ ከጓዳ ብቅ አለች።

«ጎሽ የኔ ጌታ! ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች፣ ሳትለመን ቡና አገላበጥክ?»

«እኔ ከዚህ አልተነሣሁም።»

«አትቀልድ! በመስኮት ጀርባህን አየሁት እኮ።»

ከጀርባ ሲያዩን እኔንና አባቴን መለየት ያስቸግራል ይሉን ነበር።

ወጥቼ አየሁ፤ ቡናው ትልም ትልም ሆኖ ተገላብጧል። ደጃፉ ላይ ያወለቅሁት ጫማ ግን አዲስ ጭቃ አልነካውም። ተመልሼ ሳይ ሸክላው ሁለተኛው ገጹ ወደ ላይ ሆኗል፤ የገለበጥኩት እኔ ልሁን አልሁን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ማስታወስ አልቻልኩም። ጽጌ ሳቋን ተወች።

ትናንት ደግሜ አጫወትኩት። ገጹ ሲያበቃ ያ ድምፅ ጀመረ። ጽጌ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ነበር።

«ማን ነው?» አልኳት።

መጋረጃውን ዘጋች፣ መጥታ ሁለቱንም እጆቼን ያዘች።

«እስቲ ስሜን ጥራ።»

«ጽጌ።»

«እሺ» አለች፤ እጆቼን ግን አልለቀቀችም። ደጅ ቡናው አሁንም ይንሿሿል። እሷም ትሰማው እንደሆነ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁት።