ያልኖርኩበት አድራሻ

ብታምኑም ባታምኑም፣ ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። እህቴ ዊላ አብራኝ ነበረች... እሷ ግን የዚያ ቀን ነገር ሲነሳ ክፍሉን ጥላ ትወጣለች።

ማክሰኞ ነበር። ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ኦሃዮ ውስጥ፣ ግራና ቀኙ በቆሎ በሆነ የገጠር መንገድ ዳር መኪና አቁመን አንድ ነጭ ቤት እያየን ነበር።

እንዴት እዚያ እንደደረስን ልንገራችሁ።

ማርላ እባላለሁ። እናቴ ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ ካላት ወዲህ ጥያት መውጣት አልችልም። ስለዚህ ከቤት ሆኜ የምሠራው ሥራ ስፈልግ ከረምኩ። በመጨረሻ አንድ የኢንሹራንስ ድርጅት የደንበኞችን ስልክ እንድመልስ ተቀበለኝ።

ደስታዬ ሳምንት አልቆየም። ደወሉልኝ።

"ማርላ፣ የብድር ታሪክሽን አይተን ነበር... ያልተከፈለ የመኪና ብድር አለብሽ። አድራሻሽም ከነገርሽን ጋር አይገጥምም።"

እኔ በሕይወቴ መኪና በብድር ገዝቼ አላውቅም።

የብድር ታሪክ ከሚመዘግበው ቢሮ ሪፖርቱን አስመጣሁ። ስሜ ትክክል። የትውልድ ቀኔ ትክክል። አድራሻው ግን... ሰምቼው የማላውቀው መንገድ።

ስህተት ነው ብዬ ለቢሮው አቤት አልኩ። የኢንሹራንስ ድርጅቱም የሥራ ቦታውን ለጊዜው ያዘልኝ። የቢሮው መልስ ሲመጣ "ተጣርቷል፤ መረጃው ትክክል ነው" ይላል።

በንዴት ወደ ቢሮው ስልክ መታሁ። ያነሳችው ልጅ ፋይሌን ከፍታ አየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ...

"ወይዘሮ፣ ትናንት ደውለው ነበር እኮ።"

"እኔ አልደወልኩም።"

"አድራሻው የኔ ነው፣ እንዳትሰርዙት ብለውናል።"

"ሌላ ሰው ነው!"

"...ድምፅዎ ያው ነው።"

ስልኩን ዘጋሁት።

በማግስቱ ለእናቴ ምሳዋን ሳጎርሳት ትክ ብላ አየችኝ።

"ቅድም ስትገቢ ፀጉርሽ አጭር ነበር" አለችኝ።

ፀጉሬ ወገቤ ላይ ነው። ከቤትም አልወጣሁም ነበር።

ለዊላ ስነግራት ሳቀችብኝ። "የሚሰረቅ ስም ጠፍቶ ነው ያንቺን የሰረቀችው? ሌባ ናት በቃ! አድራሻው ጋ ሄደን ፊቷን እንየው።"

እናታችንን ለጎረቤት አደራ ብለን ሄድን።

ቤቱ ሰላማዊ ነው። ገመድ ላይ ልብስ ተሰጥቷል። ከመኪናው ስወርድ ጎረቤት ግቢ ያለ አንድ ሽማግሌ የሣር ማጨጃውን አጥፍቶ እጁን አነሳልኝ።

"ማርላ! እንዴት አደርሽ?"

ሰውየውን በሕይወቴ አይቼው አላውቅም።

ሽማግሌው ዓይኑን ጠበብ አድርጎ አየኝ። "ፀጉርሽ... በአንድ ሌሊት አደገ እንዴ?"

ዊላ ክንዴን ያዘች። አሁን አትስቅም።

"እንሂድ" አለች በሹክሹክታ።

"በሩን ላንኳኳ።"

"ማርላ! እንሂድ አልኩሽ!"

እጇን አስለቅቄ በረንዳው ላይ ወጣሁ። ከውስጥ የሴት ድምፅ ይሰማል። ስልክ ታወራለች።

"ማርላ ነኝ... ምን ልርዳዎት?"

ከስሟ በፊት የጠራችው የዚያን የኢንሹራንስ ድርጅት ስም ነው። የኔን ሥራ እየሠራች ነበር።

ድምፁም... የኔው ነበር።

ሳላንኳኳ በሩ ተከፈተ። ባዶ እግሯን የሆነች ትንሽ ልጅ ቀና ብላ አየችኝ። ፈገግ አለች።

"እማዬ! መቼ ወጣሽ?"

ከዚያ ፊቷን ወደ ውስጥ መለሰች። ፈገግታዋ ጠፋ።

የውስጡ ድምፅ ቀጥ አለ።

እኔ መሮጤን እንጂ እንዴት መኪናው ጋ እንደደረስኩ አላስታውስም። ዊላ ሞተሩን አስነስታ ነበር።

በሳምንቱ፣ ሳልጠይቃቸው፣ ብድሩም አድራሻውም ከስሜ ላይ ተሰረዘ። ለምን እንደሆነ ማንም ሊነግረኝ አልቻለም። ሥራውን ጀመርኩ። እየሠራሁ ነው። እናቴም አጠገቤ ናት። ሰው ሁሉ "እንኳን ደስ አለሽ" ይለኛል።

እኔ ግን ያን ቀን ከዚያ መንገድ ስንወጣ ዞር ብዬ አይቻለሁ።

ልጅቷ የበረንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗን ከመኪናችን ሳትነቅል...

ጫማዋን እያጠለቀች ነበር። በጥድፊያ፣ እናቷ ጥላት እየሄደች እንዳለች ልጅ።