በግድግዳው አናት የሚጻፈው ስም

«ቁጥሩን ጨርሻለሁ፤ የቀረኝ ስሙ ነው» አለች ዩበልካ መሰላሉ ላይ እንደቆመች።

ዶን ፌዮ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ቀና ብሎ አያት። «ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? መርማሪዋ መንገድ ላይ ናት።»

ከሜዳው በስተግራ ያለው የድሮ የሸንኮራ ሚዛን ቤት ግድግዳ በፓሎ አማርጎ መንደር እንደ ቤተ ክርስቲያን ይከበራል። የመንደሩ የቤዝቦል ቡድን ከተመሠረተ ጀምሮ ኳስ ከአጥር አሻግረው በመምታት፣ በሆም ረን፣ ስማቸውን ያስጠሩ ሁሉ እዚያ ተጽፈዋል። ስም የሚጻፈው ባለቤቱ ከመንደሩ ሲወጣ ወይም ሲሞት ነው፤ ሲጻፍም የቀለሙን ጣሳ የምትይዘው እናቱ ናት። ደንቡን ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ የጣሰው ግን የለም። እስከ ዛሬ አናት ላይ የነበረው ቹቾ ሴቬሪኖ ነው። ሃያ ስምንት መትቶ ሞተ። ዘንድሮ ዊልነር ሠላሳ አንድ አደረሰው።

ችግሩ ዊልነር የሚባል ልጅ በወረቀት ላይ አለመኖሩ ነው። እናቱ ማዳም ሮዝሊን አገዳ ለመቁረጥ ከሄይቲ የመጣች ናት፤ እሱ እዚሁ ቢወለድም የልደት ወረቀት የሚሰጠው አላገኘም። ወረቀት የሌለውን ልጅ ደግሞ የትኛውም የቤዝቦል ማሠልጠኛ አያስፈርምም። የዩበልካ ወንድም አዶኒስ ግን ወረቀት ነበረው፤ ያጣው ዕድሜ ነው። በዘጠኝ ዓመቱ የደንጊ ትኩሳት ሲወስደው ሞቱን ያስመዘገበ አልነበረም። ልጆች አሠልጥኖ ለማሠልጠኛዎች የሚያቀርበው ደላላ ዶን ፌዮ ያን ወረቀት ከእናቷ ለምኖ ወሰደው። ዊልነር በአዶኒስ ስም ሊፈርም ነው፤ ማሠልጠኛው መርማሪ የላከውም የልጁን ማንነት ለማጣራት ነው። መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ መንደሩ ሁሉ ዝም ብሏል።

«ግድግዳ ጆሮ አለው ይባላል፤ የኛው ደግሞ ምላስ አለው» አለ ዶን ፌዮ። «መርማሪዋ ወረቀቱን ብትጠረጥር እንኳ ግድግዳውን አትጠረጥርም። ጻፊ፣ የኔ እናት።» ብሎ መኪናዋን ሊጠብቅ ሄደ።

ዊልነር ይህን ጊዜ ጠብቆ ወደ መሰላሉ ቀረበ።

«ዩቢ፣ የኔን ጻፊው።»

«አበድክ እንዴ?»

«አቦ ነቄ ነኝ፣ እንደሚያባርሩኝ አውቃለሁ። ግን ሠላሳ አንዱንም የመታሁት እኔ ነኝ። አዶኒስ አንድ እንኳ አልመታም።»

እውነቱን ነው። አዶኒስ ኳስ ይፈራ ነበር። ሲወረወርለት ዱላውን ይጥልና ጭንቅላቱን በእጁ ሸፍኖ ይስቅ ነበር፤ ዩበልካ ከወንድሟ የቀራት ያ ሳቅ ብቻ ነው። ስሙን አሁን እዚህ ብትጽፈው ሰው የሚያስታውሰው ሌላ አዶኒስን ይሆናል። ሁለቱንም ልጆች በአንድ ብሩሽ የምታጠፋቸው መሰላት።

«ቢያባርሩህ ምን ትሠራለህ?» አለችው።

«አገዳ እቆርጣለሁ።»

«አገዳውን ማሽን አይደል እንዴ የሚቆርጠው?»



የዩበልካ እናት ዶኛ ሚላድይስ የእሑድ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጣሳውን በሁለት እጇ ይዛ መጣች። ሰባት ዓመት ፊቷ ላይ የቆየው ሐዘን ዛሬ ገና የታጠበ ይመስል ነበር።

«ማማ፣ ይሄ እኮ አዶኒስ አይደለም» አለቻት ዩበልካ ዝቅ ብላ።

«አውቃለሁ፣ ልጄ። አንድ ቀን እንኳ ስሙ ይጠራልኝ።»

መርማሪዋ ከዋና ከተማ የመጣች ወጣት ሴት ናት። ክፉ አትመስልም። ርቧት ነበርና መጀመሪያ ያመራችው አጥሩ ሥር ሙዝ ወደምትጠብሰው ሴት ነው። ሙዝ የምትጠብሰው ማዳም ሮዝሊን ነበረች።

«እማማ፣ ያንን ረጅሙን ልጅ ያውቁታል?» አለች መርማሪዋ ወደ ዊልነር እየጠቆመች።

 ማዳም ሮዝሊን ዘይቱ ውስጥ ያለውን ሙዝ ገለበጠች።

«ባይን ነው የማውቀው። የማን ልጅ እንደሆነ እንጃ» አለች። «ሲመታ ግን ጎበዝ ነው።»

ሙዙን በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻት። ሆድ ይፍጀው ማለት ይህ ነው። ዊልነር ፊቱን አዞረ።

መርማሪዋ እያላመጠች ወደ መሰላሉ መጣች። ደንቡን ሰምታ ኖሮ ጣሳውን አየችና ዶኛ ሚላድይስን «እናቱ እርስዎ ነዎት?» አለቻት።

«እኔ ነኝ።»

«አንቺስ ምኑ ነሽ?»

ዩበልካ ሁሉንም ጠላች፤ ዶን ፌዮን፣ ግድግዳውን፣ እንዲህ ያለ ነገር የጠየቃትን ዊልነርንም ጭምር። ወደ አጥሩ ተመለከተች። ማዳም ሮዝሊን ልጇን በገዛ አፏ ክዳለች። አሁን እውነቱን ብትጽፍ ያ ክህደት በከንቱ ይቀራል።

«እህቱ ነኝ» አለች። ብሩሹን ጣሳው ውስጥ ነክራ የወንድሟን ስም በትልልቅ ፊደል ጻፈች።

ሰው አጨበጨበ። ማዳም ሮዝሊን ማንበብ አትችልም። አጠገቧ የቆመውን ሰውዬ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ጠየቀችው፤ ሲነግራት እሺ እንደማለት አንገቷን ዝቅ አድርጋ ወደ ዘይቷ ተመለሰች።