የማሩ እናት

ሊፍቱ ሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ ሶልሚ ወደ በሩ ተጠጋች። አንድ ፎቅ ብቻ ቀርቷል። ከዚያ በሩ ይከፈታል፣ ውሸቷም ይወጣል።

እናቷ ኑሪን ደረቷ ላይ አስደግፋ ጀርባዋን ለመስታወቱ ሰጥታ ቆማለች። ካፖርቷ ሰፍቷታል። ከቤት ሳትወጣ ሁለት ወር ሊሆናት ነው፤ ዛሬም የወጣችው የኑሪ መቶኛ ቀን ስለሆነ ብቻ ነው። ያለ መቶኛ ቀን ፎቶ ያደገ ልጅ ከሶልሚ የክፍል ጓደኞች ውስጥ አንድም የለም።

«አባትሽ ለፎቶ ስቱዲዮው ሰዎች ነግሯቸዋል አይደል?» አለች እናቷ ድንገት። «ስለ ማሩ።»

«አዎ» አለች ሶልሚ። ድምጿ ራሷንም አላሳመናትም።

ይህን ቀጠሮ እናቷ የያዘችው ገና ነፍሰ ጡር ሳለች ነበር። ሆዷ እየቀደማት፣ ሶልሚን አስከትላ መጥታ የዓመቱን ፎቶ ከነቀኑ አስመዘገበች፤ መንቶቹ አራስ ሳሉ፣ በሃምሳኛው ቀን፣ በመቶኛው በሆዳቸው ተኝተው ቀና ሲሉ፣ በሁለት መቶኛው መቀመጥ ሲለምዱ፣ በመጨረሻም የዓመት ልደታቸው። ኮፍያውም ልብሱም ሁለት ሁለት። «ማሩና ኑሪ እስኪዳሩ ድረስ ስናየው የምንኖረው አልበም ነው» እያለች ትስቅ ነበር። የአራስነቱን ፎቶ ተነሡ። ማሩ ግን ልቡ ሲፈጠር ጀምሮ ችግር ነበረበት፤ በአርባ አንደኛው ቀን ሆስፒታል እንደገባ በዚያው ቀረ።

የሃምሳኛውን ቀን አባቷ «ልጆቹን ጉንፋን ይዟቸዋል» የሚል መልእክት ልኮ አሳለፈው። መቶኛው ሲቃረብ ስልኩን ሶልሚ ፊት አስቀመጠ።

«አንቺ ንገሪያቸው፣ የኔ ልጅ። እኔ አፌ እምቢ አለኝ። ለእናትሽ እኔ እንደነገርኳቸው ነው የምነግራት፣ እሺ?»

ሶልሚ በእረፍት ሰዓት የትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ሴት ፋታ አልሰጠቻትም። «ውይ፣ የማሩ እህት ነሽ? የመንቶቹ ልብስ እኮ ደረሰ! ሁለቱም! ስታዪያቸው ልጆቹን ከነልብሳቸው ትበያቸዋለሽ!»

ሶልሚ አፏን ከፈተች። የወጣላት «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብቻ ነበር። ቤት ስትገባ አባቷ በዓይኑ ጠየቃት፤ «ነገርኳቸው» አለችው። አባቷ እፎይ ብሎ ጭንቅላቷን ዳሰሳት፤ ይህ ይባስ አሳመማት። ነገ ደውዬ አስተካክለዋለሁ ስትል ሦስት ሳምንት አለፈ።

የሊፍቱ በር ተከፈተ።

«ሽንቴ መጣ!» ብላ ከእናቷ ቀድማ ሮጠች። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ጥላ ገባች።

የፈራችው ሁሉ ተሰናድቶ ጠበቃት። መስኮቱ ሥር ሁለት ነጫጭ ትራሶች፣ ሁለት የሹራብ ኮፍያዎች፣ በሁለት ሳህን የተቆለለ ነጭ የሩዝ ኬክ። ግድግዳው ላይ ባለው ሰሌዳ የዕለቱ ተራ በእርሳስ ተጽፏል፤ አምስት ሰዓት፣ የማሩ እናት። ማሩ በአራት ደቂቃ ቀድሞ ስለተወለደ ስቱዲዮው እናታቸውን ከወለደች በኋላ የመዘገባት በእሱ ስም ነው።

ሶልሚ አንዱን ትራስና አንዱን ኮፍያ አፋፍሳ ከመጋረጃው ጀርባ ወሸቀች። ሳህኑን ልታነሳ ስትል በስልክ ያነጋገረቻት ሴትዮ፣ ወይዘሮ ቦክ፣ ከጓዳ ብቅ አለች።

«አንቺ! ቆንጆ አድርጌ የደረደርኩትን ምን እያደረግሽው ነው?»

«ይሄኛው አያስፈልግም። ማሩ... ማሩ እኮ...»

አልጨረሰችም። ወይዘሮ ቦክ በትከሻዋ በኩል ወደ በሩ አይታ ፊቷ በራ።

«የማሩ እናት! እንኳን ደህና መጡ!»

እናቷ አንድ እግሯን ከጫማዋ አውጥታ፣ ሌላው ሳይወጣ ባለችበት ቀረች። ሃምሳ ዘጠኝ ቀን ሙሉ እንዲህ ብሎ የጠራት የለም። ጎረቤቶቹም አክስቶቿም በአንድ ጀምበር ተስማምተው «የኑሪ እናት» ማለት ጀምረዋል፤ የማሩን ስም ሕፃን እንዳያገኘው እንደሚሸሸግ ምላጭ ደብቀውታል። ሶልሚ ዓይኗን ጨፈነች።

«አቤት» አለች እናቷ።

«ማሩስ? ከአባቱ ጋር ነው?»

«ማሩ ሞቷል።» እናቷ ቃሉን ቀስ ብላ አወጣችው። «በአርባ አንድ ቀኑ።»

ወይዘሮ ቦክ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ ወገቧ እስኪታጠፍ ጎንበስ አለች። «ማንም አልነገረንም... ይቅር ይበሉኝ፣ የማ...» ብላ ስሙን ዋጠችው።

አባቷ መኪናውን አቁሞ፣ የኑሪን ዕቃ ተሸክሞ እያለከለከ ደረሰ። እናቷ ዞራ አየችው።

«ነግሬያቸዋለሁ አላልከኝም?»

አባቷ ሶልሚን አየ፣ ከዚያ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። «እኔ... ረስቼው...» አለ። ጥፋቷን ሊሸከምላት ነው። ዝም ብትል እዚያው ላይ ያልቅ ነበር፤ ሶልሚ ይህን አውቃለች። ዝም ማለትም አምሯት ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች። «አባዬ ደውዪ አለኝ፣ ደወልኩም። ግን ስሙን እየጠሩ ሲስቁ ሞቷል ማለት አቃተኝ። አባዬንም ዋሸሁት።»

እናቷ ሰማቻት። አላቀፈቻትም፤ አልተቆጣቻትምም። ወደ አባቷ ዞራ «ይሄን ለልጅ ሰጠኸው?» አለችው።

መስኮቱ ሥር የቀረውን አንድ ትራስ አይታ «ሌላውን ትራስ የት አደረግሽው?» አለቻት ሶልሚን።

«መጋረጃው ጀርባ።»

«አምጪው።»

ኑሪን በአንዱ ትራስ ላይ በሆዷ አስተኟት። ሌላውን እናቷ ታቅፋው ከካሜራው አጠገብ ተቀመጠች፤ እስከ መጨረሻም አላስቀመጠችውም። ሕፃናት ለማሳቅ ሲባል እንደ ቡችላ የምትጮኸው ወይዘሮ ቦክ ዛሬ ድምፅ ሳታሰማ መጫወቻውን ብቻ አንቀሳቀሰች። ኑሪ ቀና አለች፣ አንገቷ ደከማት፣ ግንባሯ ትራሱ ላይ ወደቀ፣ እንደገና ቀና አለች። አልሳቀችም። ፎቶ አንሺው እንደዚያው አነሳት።

ሊወጡ ሲሉ እናቷ በሩ ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን ታስር ጀመር። ወይዘሮ ቦክ የቀጠሮ ደብተሯን ይዛ ሶልሚን ወደ ጥግ ወሰደቻት።

«የሁለት መቶኛው ቀን እዚህ ጋ ነው» አለች በሹክሹክታ። ላጲሱን መስመሩ ላይ አሳርፋለች። «ሳታየኝ ላስተካክለው። የኑሪ እናት ብዬ ልጻፈው፣ አይደል?»

«እሺ» ማለት ቀላል ነበር። ሴትየዋም የምትጠብቀው ያችኑ አጭር ቃል ነው።

«የሚመጣው ልጅ አንድ ነው፤ አንድ ልብስ ይበቃል» አለች ሶልሚ፣ ድምጿን ዝቅ ሳታደርግ። «ስሙን ግን አያጥፉት። ስትመጣ የማሩ እናት ብለው ይጥሯት።»

በሩ ላይ የእናቷ ጣቶች ማሰሪያው ላይ ቆሙ። ቀና አላለችም። ከዚያ ማሰሩን ቀጠለች፤ ወይዘሮ ቦክም ላጲሱን ከመስመሩ ላይ አንስታ፣ ስሙን ሳታጠፋ ደብተሩን ዘጋችው።