የኦናው ቤት ሰንሰል

ብታምኑም ባታምኑም የናንተ ፈንታ ነው። እኔ የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትን ነው። የምታውቁት ነገር ካለ ግን ስለ እግዚአብሔር ንገሩኝ... መላው ጠፍቶኛል።

ስሜ ወንዴ ነው። ቤቴ ላሊበላ፣ ወደ አሸተን ማርያም በሚያስወጣው ዳገት ሥር ነው። ነገሩ የጀመረው የዛሬ ስምንት ቀን፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ፏ ብላ ነው።

ባለቤቴን የትናየትን የወፍ በሽታ ይዟት ነበር። ዓይኗ እንደ እርድ ቢጫ ሆነ። ሐኪሞቹ ወደ ደሴ ሪፈር ጻፉላት... መንገዱ ዝግ ነው። ሳምንት ሙሉ እህል አልቀመሰችም።

"ሰንሰል ጨምቀህ አጠጣት" አሉኝ ጎረቤታችን እትየ አልጣሽ። "ግን ባለቤቱን ሳታስፈቅድ ቅጠሉን እንዳትነካ።"

የኛ አጥር ድሮ ሰንሰል ነበር። አምና ነቅዬ ቆርቆሮ አጠርኩ። ምን ዓይነት ደደብ ነኝ!

በቅርብ ያለው የኦናው ቤት አጥር ብቻ ነው። ሰው ከለቀቀው ስድስት ዓመት ሆኖታል።

ስደርስ አጥሩ ነጭ አበባ በአበባ ሆኗል... አንዲት ንብ ግን የለችም።

ደግሞ ተከርክሟል። ቁርጡ ገና እርጥብ ነው።

ማን ከረከመው?

ለወጉ ያህል ተጣራሁ። "ቤቶች! ሰንሰል ልቆርጥ ነበር... ይፍቀዱልኝ።"

ማጭዴን አነሳሁ።

"ለማን ነው?"

የሴት ድምፅ... ከቤቱ ውስጥ። በሩ ላይ ግን የዛገው ቁልፍ ከውጭ እንደተንጠለጠለ ነው።

መሮጥ ነበረብኝ፣ አውቃለሁ። ግን ሚስቴ እየሞተችብኝ ነው!

"ለባለቤቴ..."

"የክርስትና ስሟ?"

የክርስትና ስም ለማያውቁት ሰው እንደማይነገር ማን አጣው? ነገርኳት።

"ወለተ ኪዳን።"

"ቁረጥ..." አለች በሹክሹክታ።

ቤቴ ገብቼ ጨምቄ ሚስቴን አጠጣኋት። በማግሥቱ ዓይኗ ጥርት አለ። በሦስተኛው ቀን ተነሥታ ቤት ጠረገች። ከደስታዬ ብዛት እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ግን...

ስጠራት አትመልስልኝም። ዝም ብላ ታየኛለች።

"የትናየት!" እላለሁ።

"አቤት..."

ድምፁ የራሷ ነው። የሚመጣው ግን ከውጭ ነው... ከኦናው በኩል... ቀጥኖ፣ ደክሞ።

"ሰማሽ?" አልኳት አንድ ቀን።

ፈገግ ብላ ወጧን ማማሰል ቀጠለች።

እስከ ትናንት ቻልኩት። ዛሬ በጠራራ ፀሐይ ሰንሰሉን ገንጥዬ ገባሁና ቁልፉን በድንጋይ ሰበርኩት።

መደቡ ላይ ተኝታለች... የኔዋ የትናየት! ከነበሽታዋ። ዓይኗ ቢጫ፣ ከንፈሯ የደረቀ።

"ወንዴ... ምነው ዘገየህ?" አለችኝ። "መድኃኒቱን አጣኸው እንዴ?"

ለማን ነው ያጠጣሁት? ማንን ነው ያዳንኩት?

አቅፌ ላነሳት ስል ከውጭ አፈር ሲጫር ሰማሁ።

በበሩ አየሁ... እቤቴ ውስጥ የነበረችው ናት። ቀሚሷን ሰብስባ ተንበርክካለች። የገባሁበትን ክፍተት ሰንሰል እየተከለች ትደፍነዋለች። አፈሩን በመዳፏ ጠቅ... ጠቅ ታደርጋለች።

"ማናት?" ትለኛለች የትናየት፣ እጄን ይዛ።

በሌላው እጄ ይህን እጽፍላችኋለሁ።

ያቺ ቀና ብላ እንኳ አላየችንም። አሁን የተከለችው እንጨት ነጭ አበባ አውጥቷል።